ለታንከር ፈተና እያጠናሁ ነው፤ «ሰርጅ» ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

የኮሎምበስ ሹፌር
ሰላም ለሁላችሁ። ኦሃዮ ነው ያለሁት። ሲዲኤል ክላስ ኤ (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለኝ፤ እስካሁን የነዳሁት ግን ደረቅ ጭነት ብቻ ነው። አሁን የታንከር ፈቃድ ልጨምርበት ብዬ የስቴቱን ማኑዋል ይዤ ተቀምጫለሁ። ስለ ታንከር የሚያወራው ምዕራፍ 8 ነው፤ በጣም አጭር ነው። ግን በየመስመሩ «ሰርጅ» ይላል።

ስልኬ አንዴ «መጨመር» ብሎ ይተረጉምልኛል፣ አንዴ «ማዕበል» ይለኛል። ታንከር ውስጥ ምን ማዕበል አለ? አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደግሞ «ያው ስሎሽ ማለት ነው፣ አታካብድ» አለኝ። ስሎሽስ ምንድን ነው? ሰርጅ፣ ስሎሽ፣ ስፕላሽ፣ ስፒል... ሁሉም ስለ ፈሳሽ ነው የሚያወሩት። ፈተናው ላይ አራቱን ደርድረው ቢያመጡብኝ አለቀልኝ። የምታውቁ አስረዱኝ።

መምህርት ከአዳማ
እንግሊዝኛ አስተምራለሁ እንጂ መኪና አልነዳም። ስለዚህ እኔ ስለ ቃሉ ልንገርህ፣ ስለ ታንከሩ ሹፌሮቹ ይጨምሩበት።

ሰርጅ የመጣው «ተነሣ» ከሚል የላቲን ግስ ነው። ተነሥቶ በአንዴ በጉልበት ወደፊት መግፋት ማለት ነው። ለፈሳሽ ብቻም አይደለም። የስታዲየም በር ሲከፈት ሕዝቡ ግር ብሎ ሲገባ በዚሁ ግስ ይገለጻል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ ፍሪጅ የሚያቃጥለው ሰርጅ ነው፤ ሰርጅ ፕሮቴክተር የምንገዛውም ለዚያ ነው። ኡበር ሰው ሲበዛበት ዋጋ የሚቆልልበት አሠራርም በዚህ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በሚሲሲፒ ጠረፍ ባሕሩን ከ8 ሜትር በላይ አንሥቶ ወደ የብስ ገፍቶታል፤ ያ «ስቶርም ሰርጅ» ይባላል። ስልክህ «መጨመር» የሚልህ ቃሉን ከዋጋና ከቁጥር ዜና ላይ ስለለመደው ይመስለኛል።

ስሎሽ ሌላ ነው። ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ድምፅ እያሰማ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው። በእኛ «ተንቦጫቦጨ» ብትለው በጣም ይቀርባል። ስፕላሽ መፈናጠቅ ነው፤ መኪና ኩሬ ውስጥ ገብቶ ልብስህን ሲያበላሽብህ። ስፒል መደፋት ነው፤ ከዕቃው ወጥቷል፣ አለቀ። ቧንቧ ፈንድቶ ሲንፎለፎል ደግሞ ገሽ የሚባል አለ፤ እሱ ግን ፈተናህ ላይ የሚመጣ አይመስለኝም።

ባጭሩ፣ ስሎሽ የሚያወራው ፈሳሹ ስለሚሆነው ነው። ሰርጅ የሚያወራው ፈሳሹ ስለሚያደርሰው ግፊት ነው።

ወተት ጫኝ
መምህርት እናመሰግናለን። የመጨረሻው ላይ ልቀጥልበት።

ዊስኮንሲን ውስጥ ወተት ነው የምጭነው። ወንድሜ፣ ፈተናው የሚጠይቅህ ፈሳሹ መኪናህን ምን ያደርገዋል የሚለውን ነው። ታንከሩ ግማሽ ተጭኗል እንበል። ቀይ መብራት አየህና ፍሬን ያዝክ። መኪናው ቆመ። ፈሳሹ ግን አልቆመም። ወደፊት ሄዶ የታንከሩን ግንባር ይመታል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ማዕበሉ የመታበት ጫፍ ወዴት ከሆነ መኪናውም ወደዚያ ይገፋል። እግርህን ከፍሬን ቶሎ ካነሣህ ቆሜያለሁ ያልከው መኪና ራሱን ችሎ ይሄድልሃል። ማኑዋሉ ላይ ምሳሌ አለ፦ መሬቱ በረዶ ከሆነ ማዕበሉ የቆመን መኪና ገፍቶ መስቀለኛ መንገድ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ይቺ ጥያቄ ሆና ትመጣለች፣ ያዛት።

ከዚያ የታንከሮቹን ዓይነት አጥና። አንዱ በልክሄድ ያለው ነው። በልክሄድ ድፍን ግድግዳ ነው፤ አንዱን ትልቅ ታንከር ለብዙ ትናንሽ ታንከሮች ይከፍለዋል። እዚህ ላይ ፈተናው የሚወደው ክብደቱን ነው፤ ከፊትም ከኋላም አለመብዛቱን። ሁለተኛው ባፍል ያለው ነው። ባፍልም ግድግዳ ነው፣ ግን ቀዳዳ አለው። ፈሳሹ በቀዳዳው ያልፋል፣ ጉልበቱ ግን ይሰበራል። ልብ በል፦ ባፍል የሚያረግበው የፊትና የኋላውን እንጂ የጎኑን አይደለም። ስለዚህ ባፍል ያለውም ታንከር ኩርባ ላይ ይገለበጣል። ይቺም ትመጣለች።

ሦስተኛው የእኔ ነው፤ ስሙዝ ቦር ይባላል። ውስጡ ከጫፍ ጫፍ ክፍት ነው፣ ምንም የለበትም። ለምን ቢሉ ምግብ ስለሚጫንበት። ባፍል ቢኖረው ጥጋጥጉን አጥቦ ማጽዳት ያስቸግራል፣ የንጽሕና ደንቡም አይፈቅድም። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚገፋው የወተት መኪና ነው። ማርሽ ስቀይር ሁሉ ወንበሬ ላይ ይሰማኛል።

አነዳዱ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ከሩቅ ፍሬን ጀምር። ፍሬኑን ስትረግጥ ጫናው አንድ ዓይነት ይሁን። ከቆምክ በኋላም እግርህን አታንሣ። ኩርባ ላይ ሳትገባ ፍጥነት ቀንስ፣ ከገባህ በኋላ ትንሽ ነዳጅ ስጠው። ኩርባው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ለታንከር ብዙ ሊሆን ይችላል።

አቤል ዲሲ
እና ወተቱ ቺካጎ ሲደርስ ቅቤ ሆኖ ነው የሚወርደው በሉኛ ሃሃ

ወተት ጫኝ
ቀዝቃዛ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይናጥም። ቅቤ ቢወጣውማ ለእናቴ እልክላት ነበር።

ጋሽ ቦቴ
ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የጅቡቲን መንገድ በቦቴ ስመላለስ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። እኛ ለዚህ ነገር ስም አላወጣንለትም፤ ረዳት ሆነን ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠን ነው የለመድነው።

የኮሎምበሱ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሙሉ ቦቴ አይገፋህም። ባዶውም አይገፋህም። ጣጣው ጎደሎው ነው። ለዚህ ነው የነዳጅ ቦቴ በክፍል በክፍል የተሠራው። ሁለት ማደያ ላይ የምታራግፍ ከሆነ አንዱን ክፍል ጥርግ አድርገህ ታወርዳለህ እንጂ ከየክፍሉ ትንሽ ትንሽ አትቀንስም። ከየትኛው ክፍል ትጀምራለህ የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። ክብደቱ በሙሉ ወደኋላ ከቀረ መሪው ይቀልልሃል፤ መሪ ቀለለ ማለት ደግሞ መኪናው ባዘዝከው አይዞርም ማለት ነው።

የውሃ ቦቴ ግን ጉድ ነው። ለመንገድ ሥራ ውሃ የሚረጩትን አይታችኋል? እየረጨ ስለሚሄድ ቀኑን ሙሉ ጎደሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ውስጡ ክፍልፋይ የለውም። «ውሃ እኮ ነው፣ አይቃጠል» ብለው ለጀማሪ ሹፌር ይሰጡታል። እኔ ብሆን የነዳጁን ይዤ የውሃውን እሸሽ ነበር።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ነዳጅ ከጅቡቲ ተጭኖ በጋላፊ ይገባና የአፋርን ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል። ስለዚህ እስከ አፉ አይጫንም፣ መስፊያ ይተውለታል። ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ደግሞ ይበርዳል፣ ይሰበሰባል። «ሊትሩ ጎደለ፣ የት አደረስከው?» የሚል ጭቅጭቅ የሚመጣው ያኔ ነው።

የኮሎምበስ ሹፌር
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማኑዋሉ «አውቴጅ» የሚለው ይህንን እርስዎ «መስፊያ» ያሉትን ነው ማለት ነው። እኔ የመብራት መጥፋት መስሎኝ ዘልዬው ነበር። ስንት ነው ግን የሚተወው?

መሐንዲሱ ከሽቱትጋርት
እንደ ፈሳሹ ይለያያል፤ ፈተናው ላይም መልሱ ይኸው ነው። ለምሳሌ ናፍጣ በየ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.08 በመቶ ገደማ ይሰፋል። 45,000 ሊትር ጭነህ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ 360 ሊትር ያህል ይጨምራል። ቤንዚን ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ጋሼ ያሉት የሊትር ጭቅጭቅም እውነት ነው። በብዙ አገር ትልቅ የነዳጅ ሽያጭ ወደ 15 ዲግሪ ተመልሶ የሚሰላው ለዚህ ነው።

ዳላስ 18 ጎማ
ይቅርታ፣ ጋሼን ማክበሬ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ሙሉ ታንከር እስከ 80,000 ፓውንድ ነው። ግማሽ የተጫነው ከዚያ በብዙ ይቀላል። እንዴት ነው ቀላሉ ከከባዱ የሚብሰው? ከባድ ነገር ለማቆም ከባድ ነው። ይህንን እኮ ሰባተኛ ክፍል ተምረናል።

መሐንዲሱ ከሽቱትጋርት
ጥሩ ጥያቄ ነው። ክብደት አንድ ነገር ነው፣ የክብደት መንቀሳቀስ ሌላ። ሙሉ ታንከር ውስጥ ፈሳሹ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ከመኪናው ጋር አብሮ ይቆማል፣ ልክ እንደ ደረቅ ጭነት ታስበዋለህ። ጎደሎው ውስጥ ግን የክብደቱ መሐል ቦታ ይቀያይራል፤ አንተ የማትፈልገው ሰዓት ላይ።

ቁጥር ከወደዳችሁ ይኸው። 12 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ታንከር እንውሰድ። ፈሳሹ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ማዕበሉ ከፊት ተነሥቶ ወደኋላ ሄዶ እስኪመለስ 8 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 8 ሰከንድ ረጅም ነው። ሹፌሩ ቆሞ፣ ተንፍሶ፣ እግሩን አንሥቶ፣ ስልኩን የሚያይበት ጊዜ ነው። ወተት ጫኝ «ከቆምክ በኋላም እግርህን አታንሣ» ያለው በከንቱ አይደለም።

ያንኑ ታንከር በድፍን ግድግዳ በሦስት በሦስት ሜትር ብትከፍለው ምልልሱ ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል። በአንድ ላይ የሚመታው ፈሳሽም ያንሳል። ወደ ጎን ከሆነ ደግሞ ስፋቱ 2 ሜትር ቢሆን ከ2 ሰከንድ በታች ነው። መጥፎው ይኼ ነው። ሹፌር መስመር ለመቀየር መሪውን ወደ ግራ አዙሮ ወደ ቀኝ የሚመልስበት ጊዜም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ፈሳሹ በመሪው ምት ላይ እየጨመረ ይሄዳል፤ መኪናው ይገለበጣል።

ዳላስ 18 ጎማ
እሺ፣ ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ሞልተን አንጭንም? ችግሩ በዚያው ያልቃል።

ወተት ጫኝ
መንገዱ አይችልልህማ። አንዳንድ አሲድ ክብደቱ የውሃን እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም፤ ሰልፈሪክ አሲድ 1.84 እጥፍ ነው። ታንከሩን ብትሞላው ሕጉ ከሚፈቅደው 80,000 ፓውንድ ታልፋለህ። ስለዚህ ሳይሞላ ነው የሚሄደው፣ ወደድክም ጠላህም። እኔም የገበሬ ቤት እየዞርኩ ወተት ስሰበስብ የመጀመሪያው ቤት ላይ ሩቡ እንኳ አይሞላም። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ በጎደሎ ነው የምነዳው።

ሌላ ማጥመጃ ጥያቄ ልንገራችሁ። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይልቅ ለመቆም ርቀት ሊወስድበት ይችላል። ፍሬኑ የተሠራው ለጭነት ስለሆነ ባዶውን ጎማው ይዘላል፣ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል፤ ዳላስ ያለውን እያሰበ ነው የሚመልሰው።

እትዬ ከሪያድ
እኔ መኪናውም እንግሊዝኛውም ውስጥ የለሁበትም፤ ስታወሩ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ገጠር ሳለን ከምንጭ ውሃ ቀድተን ስንመለስ ከላዩ ቅጠል ጣል እናደርግበት ነበር። ቅጠል ካለው አይፈናጠቅም፣ ጀርባችን አይረጥብም። እናንተ ባፍል የምትሉት ይህንን ነው?

መሐንዲሱ ከሽቱትጋርት
እትዬ፣ ሥራው አንድ ነው። ቅጠሉ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከውሃውና ከዕቃው ጠርዝ ጋር ይታሻል፤ የማዕበሉ ጉልበት እዚያ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የቢራ አረፋ ይህንኑ እንደሚያደርግ በሙከራ አሳይተዋል። ጥቂት ድርብ አረፋ ሲኖር ፈሳሹ ቶሎ ይረጋል። ማኪያቶ ከጥቁር ቡና ይልቅ በቀላሉ የማይደፋው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ይኼ ነገር የቦቴ ብቻ አይደለም። ስፔስኤክስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ፋልከን 1 የተባለውን ሮኬት ለሁለተኛ ጊዜ አስወነጨፈ። ላይኛው ክፍል ላይ ያለው የፈሳሽ ኦክስጅን ታንክ ባፍል አልነበረውም። ፈሳሹ መንቦጫቦጭ ጀመረ፣ ሮኬቱ አብሮ መወዛወዝ ጀመረ፣ መቆጣጠሪያው ሊያረጋጋው አልቻለም። ምሕዋር ሳይደርስ ቀረ። እዚያ ግን የሚባለው ሰርጅ ሳይሆን ስሎሽ ነው። የሮኬት ሰዎችና የመኪና ሰዎች አንዱን ነገር በሁለት ስም ይጠሩታል። የኮሎምበሱ ልጅ ጓደኛም ከዚህ ሰምቶ ይሆናል፤ ከእውነት አልራቀም።

መርከብ ላይ ደግሞ ሌላ ስም አለው፤ «ፍሪ ሰርፌስ ኢፌክት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1987 ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለች መኪና ጫኝ መርከብ የፊት በሯ ሳይዘጋ ከቤልጂየሟ ዜብሩህ ወደብ ወጣች። ውሃ መኪና የሚቆምበት ሰፊ ወለል ላይ ገባ። ወለሉ ክፍልፋይ ስላልነበረው ውሃው ወደ አንድ ጎን ተጠራቀመና መርከቧ በደቂቃዎች ውስጥ በጎኗ ወደቀች። 193 ሰው ሞቷል። የጎን እንቅስቃሴ ከፊትና ከኋላው ለምን እንደሚብስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አቤል ዲሲ
ወይ ጉድ። ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጠይቆ ሮኬትና መርከብ ውስጥ ገባን።

ጋሽ ቦቴ
መሐንዲሱ፣ የጎኑን በደንብ ተናገርክ። ሹፌር ነዳጅ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ሲወርድ ሁሉም «ፍሬኑ» ይላል። እኔ ኩርባው ነው የሚያስፈራኝ። ቀጥታ መንገድ ላይ የሚገፋህ ነገር ቢያንስ መንገዱ ላይ ነው የሚያቆይህ።

መምህርት ከአዳማ
አንድ ነገር ልጨምር፤ የፈተናውን ጥያቄ ስታነብ ይጠቅምሃል። ሰርጅ ግስም ስምም ይሆናል። ግስ ሲሆን አድራጊው ፈሳሹ ነው፦ ፈሳሹ ወደፊት ገፋ። ስም ሲሆን «ሊኩዊድ ሰርጅ»፣ «ሳይድ ቱ ሳይድ ሰርጅ» ተብሎ ከፊቱ ሌላ ቃል ይጨመርለታል። ያቺን ተጨማሪ ቃል ሳታይ አትመልስ። ጥያቄው የሚለያየው የፊትና የኋላ ነው ወይስ የጎን በሚለው ነው።

የኮሎምበስ ሹፌር
ሁላችሁም ተባረኩ። ምዕራፉን እንደገና አነበብኩት፣ አሁን እየገባኝ ነው። የሚያስቀው፣ ሰርጅን ከያዝኩ በኋላ የቀረው ሁሉ ከእሱ የሚወጣ ነው፤ ባፍሉም፣ አፍሬናኑም፣ ኩርባውም።

አንድ ሌላ ጥያቄ ላስቸግራችሁ። እኔ ታንከር እስክገዛ ወይም እስክቀጠር ድረስ ፈቃዱ ምንም አይሠራልኝም አይደል? ምክንያቱም ዲስፓቸሬ (ጭነት የሚመድብልኝ ሰው) አንዳንዴ በደረቅ ጭነት ተሳቢዬ ላይ እነዚያን በብረት ፍርግርግ የታቀፉ ትልልቅ ነጭ የፕላስቲክ ገንዳዎች ይጭንልኛል። እሱ ደረቅ ጭነት ነው ይለኛል።

ወተት ጫኝ
እዚህ ላይ ቆም በል! ገንዳዎቹ ቶት ይባላሉ። አብዛኞቹ 275 ጋሎን ይይዛሉ። የፌዴራሉ ሕግ ታንከር ለሚለው መለኪያ አለው፦ እያንዳንዱ ዕቃ ከ119 ጋሎን በላይ ከሆነና ሁሉም ሲደመሩ 1,000 ጋሎን ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ የምትነዳው ተሳቢ ደረቅ ቢመስልም ታንከር ነው። አራት ቶት 1,100 ጋሎን ነው። ፈሳሽ የያዙ አራት ቶቶች ጭነህ ያለ ታንከር ፈቃድ ብትያዝ ቅጣቱ ለአንተም ነው፤ ለዲስፓቸሩ ብቻ አይደለም። ሦስት ከሆኑ 825 ጋሎን ነው፣ ከመለኪያው በታች ነህ።

ለዚህ ነው ብዙ የደረቅ ጭነት ሹፌር ይህንን ፈቃድ የሚያወጣው። የጽሑፍ ፈተና ብቻ ነው፣ የመንገድ ፈተና የለውም። ፈቃድህ ላይ «ኤን» የሚል ፊደል ይጨመርልሃል። ነዳጅ ልጫን ካልክ ግን «ኤች»ም፣ ማለትም የአደገኛ ጭነት ፈቃድ፣ ያስፈልግሃል። ለእሱ ኮርስ ትወስዳለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ፣ ቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ያጣራሃል፤ ጊዜ ይፈጃልና ቀደም ብለህ ጀምር። ሁለቱም ካሉህ በሁለቱ ፈንታ «ኤክስ» ይጻፍልሃል። ለወተት «ኤን» ብቻ ይበቃል።

የኮሎምበስ ሹፌር
ባለፈው ስድስት ቶት ነው የጫነልኝ።

ወተት ጫኝ
እስክትፈተን ድረስ ከሦስት በላይ አልጭንም በለው። ሕጉን ራሱ ያውቀዋል።

አቤል ዲሲ
ወተት ጫኝ፣ እናንተ ጋ ሰው ይፈልጋሉ? እኔም ኤን አለኝ።

ወተት ጫኝ
በረዶ ካልፈራህ በግል ጻፍልኝ።